የሶላር ፓኔል ሽፋን ስንት ዓመት ይቆያል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ሶላር ፓኔል መከላከያ ሽፋን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሻጩ «የ25 ዓመት ጋራንቲ አለው» አለኝ። 25 ዓመት ይቆያል ማለት ነው?

አይደለም ወንድሜ። እሱ ብዙውን ጊዜ ፓኔሉ የሚያመነጨው ኃይል ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ እንክስሃለን የሚል የንግድ ቃል ነው። የዕቃው ጋራንቲ ለብቻው ነው፤ ብዙ ጊዜም ያጠረ ነው። እሱንም በጽሑፍ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የላብራቶሪ ፈተና ካለፈ ምን ያሳስባል?

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። አይኢሲ 61215 የሚባለው ዓለም አቀፍ የፓኔል መፈተኛ መስፈርት ፓኔሉን በ85 ዲግሪ ሙቀትና በ85 በመቶ እርጥበት ለ1000 ሰዓት ያቆየዋል። 42 ቀን ገደማ መሆኑ ነው። የአልትራቫዮሌት (ዓይን የማያየው የፀሐይ ጨረር) ፈተናው ደግሞ በካሬ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ፀሐይ በበዛበት አገር የጥቂት ወራት ጨረር ብቻ። ፈተናው ብልሹ አሠራርን ለመያዝ እንጂ ዕድሜ ለመቁጠር አልተሠራም።

ፖሊአማይድ ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራውን የጀርባ ሽፋን፣ ማለትም የፓኔሉን ጀርባ የሚሸፍነውን ንጣፍ፣ ተመልከቱ። ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት ፈተናውን አልፎ በብዛት ተሸጠ። ጥቂት ዓመት ፀሐይ ላይ እንደቆየ ግን በሴሎቹ (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ በሚቀይሩት ቁራጮች) መካከል ባለው ክፍተት፣ ብርሃን ከፊት አልፎ በሚደርስበት ቦታ፣ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቅ ጀመር። በስንጥቁ እርጥበት ይገባል። ጠዋት ጤዛ ሲኖር ኢንቨርተሩ (የፓኔሉን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው መሣሪያ) የኤሌክትሪክ ፍሳሽ አለ ብሎ አልነሳም ይላል። ለየብቻ የተፈተኑት ጨረር፣ እርጥበትና የቀን ከሌት ሙቀት ልዩነት ጣራ ላይ አብረው ነው የሚመጡት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዕድሜው በምን ይተነበያል?

ሽፋኑን በተለያየ ከፍተኛ ሙቀት ያስረጁታል፤ የሚበላሽበትን ፍጥነት ይለካሉ፤ ከዚያ ሙቀት ፍጥነቱን ምን ያህል እንደሚጨምር በሚያሰላው በአሬኒየስ ቀመር ወደ ተለመደው ሙቀት ያወርዱታል። በግርድፉ 10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል ይባላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ባሕርይ አለው፤ እዚያ ላይ ትንሽ ከተሳሳቱ 20 ዓመቱ 40 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ከዚህ እስከዚህ» የማይል፣ አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጥ ትንበያ አላምንም።

የመስክ መረጃም የግድ ያስፈልጋል። ስዊዘርላንድ ሉጋኖ ውስጥ በ1982 የተተከሉ ፓኔሎች አብዛኞቹ ከ35 ዓመት በኋላም ይሠሩ ነበር። ሞዴላቸው አንድ ሆኖ ሳለ በሴሉ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ ቅመማ በመለያየቱ እርጅናቸው ተለያየ።

ጥያቄ፦ ሰመራ ነው ያለሁት። አዲስ አበባ ቢሆን ይሻል ነበር?

ሙቀቱ እናንተን ይጎዳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታዋ ከ2300 ሜትር በላይ ነው፤ በየ1000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቆርቆሮ ላይ ሲተከል ከሥሩ አየር የሚያሳልፍ ክፍተት ይተውለት። ይሄ በእጅዎ ያለ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ገጽ መስታወት የሆነውስ?

የጀርባ ሽፋን መሰንጠቅ አያሰጋውም። ጠርዙና ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ግን ያው ያረጃል።

ጥያቄ፦ ቤት ሆኜ ምን ልይ?

ደረቅ ቀን ላይ ጀርባውን ከርቀት እይው። ስንጥቅ ካለ አትንኪው፤ እርጥብ ከሆነማ ጭራሽ አትጠጊው። ስንጥቅ ከሌለው በጣትሽ ዳሰስ አድርጊው። ነጭ ዱቄት ከያዘሽ ላዩ መበላት ጀምሯል ማለት ነው፤ ፎቶ አንስተሽ ቀኑን ጻፊበት፣ በዓመቱ አወዳድሪው።

ጥያቄ፦ የተሰነጠቀውን በቴፕ ብለጥፈውስ?

ተው! ተራ ቴፕ ፀሐይ ላይ ይላቀቃል፤ ውሃም ይቋጥራል። ለዚሁ የተሠራ የሲሊኮን ቅብ አለ፤ እሱም ቢሆን ስንጥቁ ሳይጠልቅ፣ ባለሙያ የኤሌክትሪክ መስመሩን አቋርጦ ሲቀባው ነው።