እናታችሁን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ለምትሄዱ ልጆች

ልጆቼ፣

በዋሽንግተን አካባቢ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የካንሰር ሕሙማን ክፍል ውስጥ። አሁን ጡረታ ልወጣ ነው። ከመውጣቴ በፊት ይህችን ልጻፍላችሁ።

አንድ ቀን የ19 ዓመት ልጅ እናቷን ይዛ መጣች። እናትየዋ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። ሐኪሙ የባዮፕሲውን፣ ማለት ከጡቷ ተወስዶ የተመረመረውን ናሙና፣ ውጤት ረዘም አድርጎ አስረዳ። ልጅቷ ሁሉንም ሰማች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞር ብላ፣ «እማዬ፣ ትንሽ እጢ ናት፤ ሌላ ቀን ነይ ነው የሚለው» አለቻት። እናትየዋ «ተመስገን» አለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሌላ በሽተኛ ይጠብቀኝ ስለነበር አልፌ ሄድኩ። ያቺ እናት የተመለሰችው ከአራት ወር በኋላ ነው፤ እብጠቱ አድጎ። ያን ቀን ዝም ብዬ ማለፌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በልጅቷ አልፈርድም። በ19 ዓመቱ ለእናቱ «ካንሰር ነው» ብሎ የሚናገር ማን አለ? ትልልቆቹም ስሙን አንጠራውም፤ «ያ በሽታ» ነው የምንለው። መርዶ እንኳ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚነገረው። ያን ሸክም አንዲት ልጅ ላይ ብቻዋን መጫን ግፍ ነው።

ስለዚህ አስተርጓሚ ጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል፣ ይኸውም ሁሉም ለማለት ይቻላል፣ በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። በአካል ሰው ባይኖር በስልክ ያገናኛሉ። «እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ» ብላችሁ አትለፉት። እናንተ ልጅ ሁኑላት፣ እጇን ያዙ።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴቶች በጡት ካንሰር የሚያዙት ከነጮቹ ትንሽ ባነሰ መጠን ነው። የሚሞቱት ግን 40 በመቶ ገደማ በበለጠ መጠን ነው። አንዱ ምክንያት የበሽታው ዓይነት ነው፤ የሆርሞን መድኃኒት የማይሠራለት «ትሪፕል ኔጋቲቭ» የሚባለው በጥቁር ሴቶች ላይ በእጥፍ ገደማ ይበዛል። ነገር ግን መድኃኒት በሚሠራለት ዓይነትም ጥቁሮቹ ይበልጥ ይሞታሉ። ስለዚህ በዘር ብቻ አይመካኝም። በሰዓት የሚከፈላት ሴት የሥራ ሰዓቷን ጥላ ለቀጠሮ መምጣት ይከብዳታል። ሥራ ስትቀይር ኢንሹራንሷ ይቋረጣል። ከማሞግራም (ከጡት ራጅ) እስከ ባዮፕሲ፣ ከባዮፕሲ እስከ ቀዶ ጥገና፣ በየመሃሉ ሳምንታት ይባክናሉ። እኔ በዓይኔ ያየሁት ይህን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ፎርሙ ላይ ሁላችንም «ጥቁር» ተብለን አንድ ሣጥን ውስጥ እንገባለን። በኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ግን ትሪፕል ኔጋቲቭ በእኛ ላይ ከምዕራብ አፍሪካ ሴቶች በጣም እንደሚያንስ አሳይተዋል። አብዛኛው የሆርሞን መድኃኒት የሚሠራለት ነው። እንደ ታሞክሲፈን ያለ በአፍ የሚዋጥ ክኒን ብዙ እናቶቻችንን ሊያድን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ «የእናቴ ዓይነት የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የፓቶሎጂውን፣ ማለት የናሙናው ምርመራ ውጤት የተጻፈበትን፣ ወረቀትም ተቀበሉ። ክኒኑ 5 ዓመትና ከዚያም በላይ ይወሰዳል። ብዙዎች ሕመሙ ሲጠፋላቸው ያቆሙታል፤ ጸበል ገብተው የሚተዉትም አሉ። እኔም ጸበል እጠጣለሁ። ጸበሉንም ጠጡ፣ ክኒኑንም ዋጡ እላቸዋለሁ።

እናታችሁ 40 ዓመት ከሞላት ማሞግራም ታንሳ። ከ2024 ጀምሮ የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል ምክር እስከ 74 ዓመት በየሁለት ዓመቱ ነው። ኢንሹራንስ ከሌላት ለስቴታችሁ ጤና ቢሮ ደውሉ፤ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሴቶች በነጻ የሚመረመሩበት ፕሮግራም አለ። እናንተም ሴቶቹ፣ እብጠት ካገኛችሁ 40 እስኪሞላችሁ አትጠብቁ።

ያቺ እናት ስትመለስ አስተርጓሚ በስልክ አስጠራሁላት። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሐኪሙ ተናገረ፣ ከስልኩ ውስጥ የአንዲት ሴት ድምፅ በአማርኛ ደገመው፤ የበሽታውን ስም ሳይቀር። እናትየዋ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ልጇን ሳታይ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ «ልጄንስ ይይዛታል?» ብላ ነበር።