ቾኩ ሲመለስ እልም ለሚል የሞተር መጋዝ

ከቀበና የጻፈልኝ አንባቢ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የአባቴ የሞተር መጋዝ ሃያ ዓመት አልፎታል። ቾክ ይዤ ስስበው ይነሳል። ቾኩን መልሼ ነዳጅ ስሰጠው እልም ይላል። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። የሰፈር መካኒክ የካርቡሬተሩን ብሎኖች ነካክቶ ጭራሽ አባሰው። ልጣለው ወይ?»

ኧረ አትጣለው! ካንዴላውም ምንም አላጠፋም። ቾክ አየር ይዘጋል። ሞተሩ አየር ሲዘጋበት ብቻ ከሠራ፣ የቸገረው ነዳጅ ነው። ስለዚህ ብሎኖቹን ለጊዜው ተዋቸውና ነዳጁ የሚመጣበትን መንገድ ከሰርባቶዮው፣ ከነዳጅ መያዣው፣ ጀምረህ ተከተል።

ጫፉን ባጠፍከው ሽቦ የነዳጁን ቱቦ ከውስጡ ጎትተህ አውጣ። ጫፉ ላይ ያለችው ፊልትሮ ከጠቆረች ቀይራት። ቀጥለህ ቱቦውን በሁለት ጣትህ እጠፈው። ያረጀ ከሆነ እጥፋቱ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ታያለህ። አየር የሚስበው በዚያ ነው። ነዳጅ ስላላንጠባጠበ ብቻ ደህና ነው ብለህ አትለፈው።

ቱቦው ጤነኛ ከሆነ ካርቡሬተሩን ፍታ። ክዳኑ ሥር ዲያፍራም የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ነዳጅ የምታስገባውን ትንሽ መርፌ የሚያስከፍታት እሱ ነው። ደህናው እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል፤ የደረቀው በጣትህ ስትነካው ኮሽ ኮሽ ይላል። የአንተን ሳላየው የምጠረጥረው ይኼንን ነው። ስትፈታ የእያንዳንዱን ቅደም ተከተል በስልክህ ፎቶ አንሳ። መርካቶም አሮጌውን ይዘህ ሂድ፤ በቃል ነግረህ ከገዛህ ለሌላ ሞዴል የሚሆን ይዘህ ትመለሳለህ።

አሁን ወደ ብሎኖቹ። «ኤል» እና «ኤች» የሚል ፊደል አላቸው፤ «ኤል» በዝቅተኛ ፍጥነት፣ «ኤች» በከፍተኛ ፍጥነት ሲሠራ የሚገባለትን ነዳጅ ይመጥናሉ። ሁለቱንም ሳታስጨንቅ እስኪነኩ ዝጋና አንድ አንድ ዙር መልሰህ ክፈት። ሞተሩን አሙቀው። ነዳጅ ስትሰጠው ካመነታ «ኤል»ን ትንሽ ክፈትለት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ቆላ የተስተካከለ መጋዝ እዚህ ነዳጅ ይበዛበትና ያጨሳል፣ ጉልበትም ያንሰዋል። ያኔ «ኤች»ን በጥቂቱ ትዘጋለታለህ። ግን አታብዛው! አንድ ጊዜ እዚህ አስተካክዬ የሰጠሁት መጋዝ ቆላ ወርዶ ሲሠራ ፒስቶኑ ተፋፍቆ ተመልሶልኛል። ከፍዬ ነው የተማርኩት። ወደ ቆላ ይዘህ ከወረድክ መልሰህ ክፈተው።

ዘይቱን አትርሳ። የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት እንጂ የመኪና ዘይት አይሆንም። መመሪያው 1 ለ 25 ካለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር፣ 1 ለ 50 ካለ 20 ነው። ሥራ ስትጨርስ ሰርባቶዮውን ገልብጥና የቀረውን አስነስተህ አስጨርሰው። ዲያፍራሙን ያደረቀው ውስጡ የከረመ ነዳጅ ሳይሆን አይቀርም።

በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጠው፣ ሲሠራ ካቴናው (ሰንሰለቱ) መዞር የለበትም። ከዞረ ሚኒሞውን ቀንስ። ቀንሰኸውም ካልቆመ ካቴናውን ከሞተሩ የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ሳይታይ ባህር ዛፉ ጋ እንዳትጠጋ።