የአረቄዬ ግብር ጠበቃ አያቆምልኝም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ዳግም የሚባለውን አረቄ እያወጣሁ ልጆቼን አሳድጋለሁ። አዲስ አበባ ግሮሰሪ ያለው አንድ ደንበኛዬ በዱቤ ለወሰደው አረቄ 86,000 ብር አልከፍልም አለኝ። ውል አልተጻጻፍንም። ያለኝ ጀሪካኑን የቆጠርኩበት ደብተርና እሱ ስልኬ ላይ የላካቸው መልእክቶች ናቸው። ለጠበቃ የምከፍለው የለኝም። አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ከተማ ያለው የእህቴ ልጅ ደግሞ «እዚህ የመጠጥ ቀረጥ ለሕዝብ አገልግሎት ተለይቶ ይሰጣል» አለኝ። እኔስ በየዓመቱ ግብሬን እየከፈልኩ፣ ከዚያ ላይ ጠበቃ ቢያቆሙልኝ ምናለ?

መልስ፦ የእህትዎ ልጅ አልዋሸዎትም። ፊላደልፊያ ቡና ቤት ገብቶ አንድ መለኪያ ያዘዘ ሰው 10 በመቶ ቀረጥ ይከፍላል፤ ገንዘቡ የሚሄደው ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነው። እዚያው ግዛት ፒትስበርግ አካባቢ ደግሞ የመጠጡ ቀረጥ ለአውቶቡስና ለባቡር ይውላል። ለጠበቃ ግን አይደለም።

እኛ ጋ እንዲህ ተለይቶ አይቀመጥም። ከቢራ ፋብሪካ የሚሰበሰበው ኤክሳይዝ ታክስም፣ የእርስዎ ዓመታዊ ግብርም ግምጃ ቤት ገብቶ ይቀላቀላል። ለነገሩ እርስዎ የሚከፍሉት የንግድ ገቢ ግብር ነው። በአረቄ ፈንታ እንጀራ ቢሸጡም አይቀርልዎትም ነበር።

ይለይ ቢባል እኔ አልስማማም። አሜሪካ ውስጥ ሉዊዚያና የምትባለው ግዛት የተከላካይ ጠበቆቿን በጀት በአብዛኛው ከትራፊክ ቅጣትና ከፍርድ ቤት ክፍያ ነበር የምትሸፍነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የዚያችን ግዛት ከተማ ኒው ኦርሊንስን ባዶ ሲያስቀራት፣ የሚቀጣ ሹፌርም ጠፋ። ብዙዎቹ ተከላካይ ጠበቆች ከሥራ ተሰናበቱ፤ እስረኛው ያለ ጠበቃ ወራት ቆጠረ። በ2016 እ.ኤ.አ.ም የከተማዋ ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ገንዘብ አጥሮት ከባድ የወንጀል ጉዳዮችን አልቀበልም እስከማለት ደርሷል። የድሀ ጠበቃ ደሞዝ ሰው በጠጣና ባልጠጣ ቁጥር ከፍ ዝቅ እንዲል አልፈልግም። ከመደበኛው በጀት ይመደብ ባይ ነኝ።

ወደ ብርዎ እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል የሚለው አቅም ለሌለው የወንጀል ተከሳሽ ነው። ያ ባለግሮሰሪ በወንጀል ቢከሰስና ድሀ ቢሆን ኖሮ ለእሱ ይቆምለት ነበር፤ ለእርስዎ ግን አይቆምም። አይሳቁ፣ ሕጉ እንዲህ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሄደው ነጻ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ። የከተማው ፍትሕ ጽሕፈት ቤትም ይግቡ። ጠበቆችም በዓመት የተወሰነ ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ ደንብ አለባቸው፤ ስለዚህ ጠበቃ ሲያገኙ ይህንን ያንሱበት፣ አይፈሩ። የዳኝነት ክፍያ ከከበደዎት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላሉ። ከቀበሌ ማስረጃ ይያዙ፣ ያለዎትንም ንብረት ሳይደብቁ ይዘርዝሩ። ይህ ግን ከዳኝነት ክፍያው ይገላግልዎታል እንጂ ጠበቃ አያቆምልዎትም።

ውል የለኝም ብለው አይጨነቁ። ብድር ቢሆን ኖሮ ከ500 ብር በላይ የሆነው በጽሑፍ ይጠየቅ ነበር። የእርስዎ ግን ሽያጭ ነው፤ ምስክር ይበቃል። ጀሪካኑን የጫነው ሹፌር ጥሩ ምስክር ነው። ስምምነቱም ደብረ ብርሃን ላይ የተደረገ ከሆነ እዚያው መክሰስ ይችላሉ፤ አዲስ አበባ መመላለስ የለብዎትም።

ደብተሩ የራስዎ ጽሑፍ ስለሆነ ብቻውን ብዙ አይራመድም። ትልቁ ነገር የእሱ መልእክት ነው። ከመክሰስዎ በፊት አንድ ጊዜ ይጻፉለት፦ «የወሰድከው አረቄ 86,000 ብር ነው፤ መቼ ትከፍለኛለህ?» «ቆይ፣ ትንሽ ታገሺኝ» ብሎ ከመለሰ ዕዳውን አመነ ማለት ነው። ያንን አሳትመው ከክሱ ጋር ያያይዙት፤ ስልኩንም ለልጆቹ መጫወቻ አይስጡ።