መልስ፦ ስፓይደርማኔ አዘመመ፣ ያጣብቃልም

አብሽር ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ መስኮት ሥር ያቆምከው የስፓይደርማን አሻንጉሊት ምስል ወደ ፊት ማዘመሙም ማጣበቁም የሚድን ነው። ቀለል ያለና በጥፍር ሲጫኑት ትንሽ እሺ የሚል ከሆነ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። እንደ ድንጋይ የሚከብደው ሬዚን (በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚደርቅ ሙጫ መሳይ ነገር) አይጎብጥም፣ ይሰበራል እንጂ።

ፒቪሲ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል። ያንተው በአንድ እግሩ የቆመ ስለሆነ ክብደቱ ሁሉ ያረፈው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው፤ የጎበጠውም እዚያው ነው። የሚያጣብቀው ደግሞ ፕላስቲኩን ልስልስ የሚያደርገው ዘይት መሳይ ማለስለሻ ወደ ላይ ወጥቶ ነው።

2 እጅ የፈላ ውኃ ከ1 እጅ ቀዝቃዛ ጋር ቀላቅል፤ ወደ 65 ዲግሪ ይመጣል። የፈላውን ብቻውን ከተጠቀምክ ቀለሙን ልታጣው ትችላለህ። ከመቆሚያው የሚነቀል ከሆነ ንቀለውና ቁርጭምጭሚቱን ለ2 ደቂቃ ንከር። ከዚያ ቀስ ብለህ አቃናው፤ ከቀጥታው አሳልፈህ ጥቂት ወደ ኋላ፣ ምክንያቱም ተመልሶ ይመጣል። እንደያዝከው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ 1 ደቂቃ አቆየው። እንቢ ካለ መልሰህ ንከረው እንጂ በጉልበት አትታገለው፤ ቀጭን እግር በቀዝቃዛው ሲታጠፍ ነጭ መስመር ያወጣል፣ እሱ ደግሞ በቀላሉ አይጠፋም።

ለማጣበቁ ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ጥላ ውስጥ አድርቀው። አሴቶንና ቤንዚን አታስጠጋ፣ ቀለሙን ይዘውት ይሄዳሉ። በላስቲክ ጠቅልለህም አታሽገው፤ አየር ሲያጣ ማጣበቁ ይብሳል። ከመስኮቱ ግን ዛሬውኑ አንሳው። ደሴ ዘመድ ካለህ ብርዱ ለሱ ሳይሻለው አይቀርም!