ቀስ እያለ የሚግል ምስጢር

ጥያቄ፦ በአንዲት ትንሽ ከተማ ስለተፈጸመ ግድያ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው፤ 24 ምዕራፍ ደርሷል። ቀስ ብሎ የሚግል ታሪክ እወዳለሁ። ረቂቁን ያነበቡልኝ ጓደኞቼ ግን መሀል ላይ እንደሰለቻቸው ነገሩኝ። ላፋጥነው?

መልስ፦ አያፋጥኑት። አንባቢ የሚሰለቸው ታሪኩ ስለዘገመ ሳይሆን አንድ ምዕራፍ ጨርሶ አዲስ ነገር ሳያውቅ ሲቀር ነው። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ መስመር ይጻፉ፦ አንባቢው እዚህ ማንን መጠርጠር ጀመረ? ማንንስ ተወ? መልስ ያጣውን ምዕራፍ ከሚቀጥለው ጋር ያዋህዱት። በተከታታይ ሁለት ባዶ መስመር ካገኙ፣ ጓደኞችዎ የሰለቻቸው እዚያ ጋ ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ ተጠርጣሪዎችዎን ይቁጠሩ። አምስት ወይም ስድስት ይበቃሉ፤ ሁሉም ግን መርማሪውን ይዋሹት፣ እያንዳንዱም በራሱ ምክንያት። አንዱ ዕዳውን ይደብቃል፣ አንዷ የምትወደውን ሰው፣ ሌላው በወጣትነቱ የታሰረበትን ጉዳይ። ውሸቱ ሲጋለጥ ሰውዬው ከግድያው ነፃ ይወጣል፤ ከከተማው ዓይን ግን አያመልጥም። የዚህ ዘውግ ጉልበት እዚህ ላይ ነው። በትልቅ ከተማ ገመናው የወጣ ሰው ሰፈር ይቀይራል፤ በትንሽ ከተማ በማግስቱ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ከሟች እናት ጋር ፊት ለፊት ይገጣጠማል።

በ2013 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ አይቲቪ ቴሌቪዥን የቀረበው ባለ 8 ክፍሉ ተከታታይ ድራማ «ብሮድቸርች» አጀማመሩን ይመልከቱት። የሟቹ ልጅ አባት መርዶውን ሳይሰማ በዋናው መንገድ ይሄዳል፣ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ይላል፣ ካሜራው ሳይቋረጥ ይከተለዋል። ሬሳው ከተገኘ በኋላ ያ ሁሉ ሰላምታ ያጠራጥራል። የ1990ው የአሜሪካ «ትዊን ፒክስ» ደግሞ የመልስ አሰጣጥ ጊዜ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ያስተምራል፦ በሁለተኛው ዙር ገዳዩ ከታወቀ በኋላ ተከታታዩ ማሰሪያ ገመድ አጣ፤ በ1991 ተቋረጠ።

ስለዚህ ትንንሾቹን ምስጢሮች በ6ኛው፣ በ11ኛውና በ16ኛው ምዕራፍ አካባቢ ይክፈቱ፤ እያንዳንዱ ሲከፈት ዋናውን ጥያቄ ያወሳስበው። ገዳዩን እስከ 22ኛው ያቆዩት። የቀሩት ሁለቱ ከተማው ከእውነቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር ያሳዩ። ብዙ ጀማሪዎች እነዚህን ሁለት ምዕራፎች ይቆርጧቸዋል፤ ያሳዝናል፤ አንባቢው ያን ሁሉ መንገድ የተጓዘው ለእነሱ ነበርና።

ጥያቄ፦ የምደብቀው ፍንጭ ወይ ወዲያው ይነቃብኛል፣ ወይ ማንም ልብ አይለውም።

መልስ፦ መጀመሪያ የግድያውን ሌሊት በየ15 ደቂቃው ከፋፍለው እያንዳንዱ ተጠርጣሪ የት እንደነበረ በሰንጠረዥ ያስፍሩ፤ ይህ ከሌለ ፍንጮቹ እርስ በርስ ይጣላሉ። ፍንጩን ከሁለት ተራ ዕቃዎች መሀል ያስገቡት፦ በሩ ሥር ጃንጥላ፣ ጭቃ የነካው ቦት ጫማ፣ የተሰነጠቀ ጀበና። መሀለኛው በቀላሉ ይታለፋል። ወዲያው ንግግር ወይም ጠብ ያስከትሉ፣ አንባቢው ቆም ብሎ እንዳያስብ። ከመፈታቱ በፊት ግን ቢያንስ ሁለት ጊዜ በተለያየ መልክ ይታይ፤ አንዴ ብቻ ከታየ አንባቢው ረስቶት «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ይላል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። ታሪኬ በኢትዮጵያ ትንሽ ከተማ ቢሆን፣ እውነቱን የምትፈልገውም እዚህ ያደገች ዘመድ ብትሆን ያስኬዳል?

መልስ፦ በደንብ ያስኬዳል። ምስክሯ «ሦስት ሰዓት ላይ አየሁት» ስትል ጠዋት ማለቷ ነው፤ ውጭ ያደገችው ልጅ ከሰዓት በኋላ ብላ ትመዘግባለች፣ ስድስት ሰዓት ይፋለሳል። አገር ቤት ባደገ ሰው ላይ ግን ይህን አይሞክሩት፤ ልዩነቱን በልቡ ስለሚያሰላ አንባቢ አያምንዎትም።

ሁለተኛው ሀብትዎ ዕድር ነው። በብዙ ዕድሮች ቀብር የቀረ አባል ስሙ ይያዛል፣ ይቀጣል። በቀብሩ ዕለት ማን እንደጎደለ መዝገቡ ያውቃል ማለት ነው። ልጅቷ ፖሊስ ጣቢያ ከመሄዷ በፊት የዕድሩን ጸሐፊ ታግኝ።