የአልጌ ክሎሮፕላስት ዲኤንኤውን መገልበጥ የሚጀምረው ከየት ነው? (ጥያቄና መልስ)

ጀማሪዋ፦ መምህር፣ እንደምን አመሹ? እንደ ክላሚዶሞናስ ባለች ባለ አንድ ሴል አልጌ ክሎሮፕላስቱ (በብርሃን ምግብ የሚሠራው የሴሉ ክፍል) ዲኤንኤውን መገልበጥ የሚጀምረው ከየት ነው?

መምህር፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ይሄ የኔ ጥያቄ ነው! ክላሚዶሞናስ ሬይንሃርድቲ ያላት አንድ ክሎሮፕላስት ብቻ ነው፣ ጽዋ የሚመስል። ውስጡ ወደ 80 የሚጠጉ የዲኤንኤ ቅጂዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ከ200 ሺህ ጥንድ ፊደል (የዲኤንኤው ኬሚካላዊ ፊደላት) በላይ። በ1984 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሁለት መነሻ ቦታ ተገኘ። አንደኛው ከ16ኤስ አርአርኤንኤ ጂን (ፕሮቲን የሚሠራው የራይቦሶም አንድ አካል የሚወጣበት ጂን) 10 ሺህ ያህል ፊደል ቀድሞ፣ ሌላው ከዚያ 6.5 ሺህ ርቆ። ቦታው ላይ ጥንዱ ክር ይላቀቃል። አዲስ ክር አንዱ ላይ ሲሠራ ሌላው ተገፍቶ ለብቻው ይጎብጣል። ዲ ሉፕ የሚባለው ይሄ ነው። ምስሉ ላይ የተከፈተ ዓይን ይመስላል፤ አንዱ ጠርዝ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን። ቀጭኑ ነጠላው ክር ነው። አደራ፣ የጂኖቹን ቅደም ተከተል የሚያሳየው ካርታ ክብ ስለሆነ ዲኤንኤው ሁሉ ክብ ነው እንዳትሉ።

ሌሊት አንባቢ፦ ከኒውክሊየሱ ጋር እኩል ነው የሚገለበጠው?

መምህር፦ አይደለም። ቺያንግና ሱኤኦካ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1967 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት የክሎሮፕላስቱ በብርሃን ሰዓት፣ የኒውክሊየሱ በጨለማ ነው።

ፈጣኑ፦ ስለ ዲኤንኤ አስረዱን።

መምህር፦ ምኑን? ጥያቄ ጠይቅ እንጂ ወንድሜ።

ሌሊት አንባቢ፦ ፖሊመሬዙስ፣ አዲሱን ክር የሚሠራው ፕሮቲን?

መምህር፦ ከኒውክሊየስ ጂን ተሠርቶ ይገባል።

ቀለበት፦ ክብ ስለሆነ እንደ ባክቴሪያው ነዋ።

መምህር፦ ከላይ ምን አልኩ?

ላብራቶሪው፦ ክብም ይገኛል እኮ መምህር። ደግሞ ትምባሆ ላይ መነሻ ከተባሉት ቦታዎች አንዳንዶቹን አበላሽተው መገልበጡ አልቆመም።

ቀለበት፦ ትምባሆ አልጌ ሆነ እንዴ?

ላብራቶሪው፦ ክሎሮፕላስት ክሎሮፕላስት ነው!

መምህር፦ ቀስ በሉ። ላብራቶሪው ያነሳው ጥሩ ነጥብ ነው። ሌላ መንገድም አለ የሚባለው ለዚህ ነው፤ የተሰበረ የዲኤንኤ ጫፍ ሌላ ቅጂ ውስጥ ገብቶ ከዚያው መገልበጥ ይጀምራል። በዚህ መንገድ የሚወጣው ቅርንጫፍ ያለው ዲኤንኤ እንጂ ቀለበት አይደለም። ካርታውና ዲኤንኤው የተለያዩ ናቸው፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

ፈጣኑ፦ የቢሾፍቱው አረንጓዴ ሐይቅ ስፒሩሊናስ መነሻው ስንት ነው?

መምህር፦ እሱ ሳይኖባክቴሪያ ነው፣ ማለትም በብርሃን ምግብ የሚሠራ ባክቴሪያ። ክሎሮፕላስት የለውም።

ቀለበት፦ ስፒሩሊና ዱቄት አሁን ስንት ገባ?

ላብራቶሪው፦ ውድ ነው፣ ተወው። በዚያ ላይ ዓሣ ዓሣ ይላል።

መምህር፦ በሉ እኔ ልተኛ።