የጥናት ርዕስ ለምትፈልገው ወንድሜ

«የኤችአይቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ ታዲያ ሕሙማኑ ላይ ገና ያልተፈታ ምን ችግር አለና ልመርምር?» ብለህ ጠይቀሃል። ባሕር ዳር ኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክፍል ዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝና ያየሁትን ልንገርህ።

ሳያቋርጥ የሚወስደው ሰው ዶሉቴግራቪር የተባለው መድኃኒት ከመጣ ወዲህ በቀን አንድ ፍሬ ውጦ ሥራው ላይ ነው። እንቅልፍ የሚነሳኝ ጠፍቶ ከርሞ የሚመለሰው ነው።

መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ የከረመ አንድ ጎረምሳ ጥር ላይ ወንድሙ ደግፎ አመጣልኝ። ከስቶ ሱሪውን በሲባጎ አስሮታል፤ ሆዱ ግን ተነፍቷል። አስተኝቼ ግራ ጎኑን ስዳስሰው ጣፊያው ጠጥሮ እምብርቱን አልፏል። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት ተሰጥቶታል። (ጣና ዳር ትኩሳት ሲባል ወባ ነው ማለት ይቀናናል፤ እኔም ብያለሁ።) ካላዛር ነበር፤ አሸዋ ዝንብ ስትነክስ የምታስተላልፈው፣ ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ። የኤችአይቪ መድኃኒቱን ለምን እንዳቋረጠ ስጠይቀው «ሃያ ሰው አንድ ዳስ ውስጥ እየተኛን ብልቃጡን የት ልደብቀው?» አለኝ።

የካላዛር አሸዋ ዝንብ የምትራባው የዋልካ መሬት ስንጥቅና ግራር ባለበት ነው፤ የቀን ሠራተኛውም የሚያድረው እዚያው ነው። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ካላዛር ከያዘው ታክሞም ደጋግሞ ያገረሽበታል። ጎንደርና ቆላው አብዱራፊ የተሠራው ጥናት በመርፌ የሚሰጠውን አምቢሶም ከሚዋጠው ሚልቴፎሲን ጋር መስጠት እንደሚሻል አሳይቶ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2014 ዓ.ም. ተቀብሎታል። ማገርሸቱን የሚከላከለው ምንድን ነው? ለስንት ጊዜስ ይሰጥ? ይህ ገና ጥናት ይፈልጋል።

ሲዲፎራቸው (የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያሳየው የደም ሴል ቁጥር) ከ200 በታች ወርዶ ራስ ምታት ይዘው የሚመጡትንም አትርሳ። ክሪፕቶኮካል ለተባለው፣ ፈንገስ ለሚያመጣው ማጅራት ገትር በደም ሥር የሚሰጥ አንድ ከፍተኛ ዶዝ አምፎቴሪሲን ከሚዋጡ መድኃኒቶች ጋር እንደሚበቃ አምስት የአፍሪካ አገሮች ላይ ተረጋግጧል። ከእኛ ጤና ጣቢያ እንዴት ይደርሳል የሚለው ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

እኔ ብሆን የምይዘው የቀን ሠራተኛውን ነው። የስድስት ወር መድኃኒት አሁን የሚሰጠው «ተረጋግቷል» ለተባለ ሕመምተኛ ነው፤ ቆላ የሚወርደው ልጅ ከዚያ አይቆጠርም። ከመውረዱ በፊት በማይንሿሿ መያዣ የክረምቱን ቢሰጠው፣ እዚያው በስልክ ብትከታተለው፣ ያቋርጣል ወይስ አያቋርጥም? መልሱን አላየሁትም፤ ማየት እፈልጋለሁ።

ያ ልጅ ታክሞ ጣፊያው ቀንሷል፣ መድኃኒቱንም ጀምሯል። ሰኔ ላይ ለአረም እንደሚወርድ ነግሮኛል።